ለአረጋውያን የሰጠነው አሥር ዶላር

ለክቡር ሚስተር ሬይሞንድ ኦልስታድ
የአረጋውያን የበጎ ፈቃድ መዋጮ ጽሕፈት ቤት ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደምን እንደ ሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። ደረጃ ሲወጡ ጉልበትዎ እንደማያስቸግርዎ፣ ዓይንዎ ያለ መነጽር እንደሚያነብ፣ ኩላሊትዎም ሥራዋን ያለ ማንም እርዳታ እንደምትሠራ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የላስ ጋርሳስ ከተማ ነዋሪ፣ ሊዮኖር ፉርታዶ የምባል፣ ዕድሜዬን በሴቶች ጸጉር ሥራ የጨረስኩ አሮጊት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ በኩል መላኬ በቀጥታ ብልክልዎ አይደርስዎትም ብዬ አይደለም። ቀደም ሲል ልኬልዎ መልሱ የምስጋና ካርድ ሆኖ ስለ መጣልኝ፣ ዳግመኛ ጽሕፈት ቤትዎን ለካርድና ለቴምብር ወጪ ላለመዳረግ ብዬ ነው።

ጋዜጣውን የሚያነቡ ሰዎች ነገሩ ግራ እንዳይገባቸው፣ ክቡርነትዎ በሚገባ የሚያውቁትን በአጭሩ ልድገመው። በግዛታችን ዓመታዊ የግብር ማስታወቂያ ቅጽ መጨረሻ ላይ፣ ሰው ወዶና ፈቅዶ የሚሰጠው መዋጮ የሚጻፍባቸው መስመሮች አሉ። ግብር ከፋዩ የፈለገውን ያህል ይጽፋል፤ የጻፈውም ከግብሩ ጋር ተደምሮ ይሄዳል። ከመስመሮቹ አንዱ ለአረጋውያን ነበር። መዋጮው በዓመት የተቆረጠለትን ልክ ካልሞላ መስመሩ ከቅጹ እንዲሰረዝ ደንቡ ያዝዛል። የእኛ መስመር አልሞላም፤ ተሰረዘ። በመዋጮው ትንቀሳቀስ የነበረችው የአረጋውያን ሚኒባስም በጥር ወር፣ ጭጋጉ ሸለቆው ላይ በተኛበት ሰሞን፣ ቆመች። ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ለማቅረብ እሞክራለሁ።

አንደኛ፣ የአረጋውያኑ መስመር በመጨረሻው ገጽ የመጨረሻው ጥግ ላይ፣ ከሌላው ሁሉ ባነሰ ፊደል እንዲታተም ስላደረጉ አመሰግናለሁ። ዓይናቸው የደከመ ሰዎች የሚረዱበትን ነገር፣ ዓይናቸው የደከመ ሰዎች እንዳያነቡት አድርጎ ማተም ከፍ ያለ አስተሳሰብ ይጠይቃል፤ እኛ የገጠር ሰዎች በራሳችን አንደርስበትም ነበር። ባለቤቴ ጊልበርት ግን እንዲያም ሆኖ መስመሩን አልሳተውም። ጊልበርት ዕድሜ ልኩን የወተት ላሞች ሲያረባ የኖረ ሰው ነው። አሁን የዓይኑ መሐል ጠፍቶ ዳር ዳሩ ብቻ ስለ ቀረለት፣ ፊቴን ማየት ሲፈልግ ጆሮዬን ያያል። መንጃ ፈቃዱንም ከተቀማ ቆይቷል። በየዓመቱ ግብር በምንሞላበት ቀን የመጨረሻውን ገጽ እንዳነብለት ያዘኛል። እናቱ በስተርጅናዋ፣ ከብቶቹ ተሸጠው ባለቁበት እርሻ ላይ ብቻዋን ስትኖር፣ አንዲት ሴት ከአረጋውያን ቢሮ በየሳምንቱ እየመጣች አብራት ትቀመጥ ነበር። ምንም አትሠራም፤ ትቀመጣለች፣ ታወራለች፣ ትሄዳለች። ጊልበርት ያቺን ሴት አልረሳትም። ግብራችንን የሚሠራልን ወጣት ኮምፒውተሩ ስለዚህ መስመር እንደማይጠይቅ ሲነግረው፣ እንግዲያው እኔ እየጠየቅሁህ ነው ብሎ አሥር ዶላር አስጻፈው። ብዙ እንዳልሆነ እናውቃለን። ልኩ ሳይሞላ የቀረው በእኛ ምክንያት ከሆነም ይቅርታዎን እንለምናለን።

ሁለተኛ፣ ለደብዳቤዬ መልስ እንዲሆን ስለ ላኩልን የምስጋና ካርድ አመሰግናለሁ። የደረሰን ሚኒባሷ በቆመችበት ሳምንት ነው። ካርዱ ላይ ጸጉራቸው እንደ ብር የሚያበራ ባልና ሚስት በባሕር ዳር ብስክሌት ይነዳሉ፤ ጥርሳቸው ሙሉ ነው። ጊልበርት ጽሑፉን ካነበብኩለት በኋላ ሥዕሉ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። የራስ መከላከያ ቆብ አድርገው እንደሆነ ጠየቀኝ። አዎ አድርገዋል አልኩት። ጥሩ አለና ወደ ሬዲዮው ዞረ።

ሦስተኛ፣ ስለ ጎረቤታችን ስለ ሃይግ ማርካሪያን ነው። ሃይግ ከእኛ አጥር ማዶ፣ አባቱ ከተከሉት የወይን እርሻ የቀረችው ቁራጭ ላይ ብቻውን ይኖር ነበር። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ልጁ አራ በረዶ በሚበዛባት በሚኔሶታ ነው የሚኖረው። ስኳር በሽታ መጀመሪያ የእግሮቹን ስሜት፣ ቀጥሎ ኩላሊቱን ወሰደበትና፣ በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ትልቁ ከተማ እየሄደ ደሙን በማሽን ያሳጥብ ነበር። ሚኒባሷ ነበረች የምታመላልሰው። ጊልበርት ምንም ሕመም ሳይኖርበት አብሮት ይሳፈራል። እጥበቱ እስኪያልቅ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ስለ ውሃ ዋጋና ስለ ድሮ ጎርፍ ይጨቃጨቃሉ፤ ሲመለሱ አረጋውያን ምሳ በሚበሉበት አዳራሽ በኩል ያልፋሉ። ሾፌሯ ዳርሊን ሁለቱን በአንድነት ‹‹ባልና ሚስቶቹ›› ትላቸው ነበር። አገልግሎቱ መቆሙን የነገረችንም እሷ ናት፤ በራሷ መኪና ቤታችን ድረስ መጥታ። ሃይግን በራሷ መኪና ላመላልሰው ብላ ጠይቃ፣ ኢንሹራንሱ አይፈቅድም ተብላ ነበር። ሌላ አውራጃ ሥራ አግኝታ ሄደች።

ክቡርነትዎ ለድሆች የሚሰጥ ነጻ መጓጓዣ መኖሩን ሳያስታውሱኝ አይቀሩም። አለ። ሃይግ ግን ደሃ ለመባል መሬት ነበረው፣ ሀብታም ለመባል ደግሞ መሬቱ ውሃ አልነበረውም። ታክሲዎቹ በጭጋግ ወደ እኛ መንደር አይመጡም፤ አልፈርድባቸውም። ልጁ አራ ሚኔሶታ ወስዶ መጦሪያ ሊያስገባው ለመነው። ሃይግ በረዶ አንድ ጊዜ አይቶ እንደነበርና እንደበቃው መለሰለት።

ስለዚህ እኔ ነዳሁ። ሃይግን በማመላልስበት ሰሞን በምሳ አዳራሹ ወጥ ቤት ላግዝ ገብቼ፣ እርጥብ ወለል ላይ ወድቄ ዳሌዬ ተሰበረ። ሐኪሙ ብረት ካስገባልኝ በኋላ እስከ ፋሲካ ድረስ መሪ እንዳልነካ ከለከለኝ። ወደ ጽሕፈት ቤትዎ የደወልኩት ያን ጊዜ ነው። አራተኛው ምስጋናዬም ስልኩን ላነሳችው ወጣት ይሁን፤ ድምጿ እጅግ ጨዋ ነበር። ቤተሰብን፣ ቤተ ክርስቲያንንና ጎረቤትን እንድናስብ መከረችን።

‹‹ጎረቤት የላቸውም እንዴ?›› አለችኝ።

‹‹ጎረቤታቸው እኛ ነን›› አልኳት።

እሷም በድረ ገጻችሁ ላይ ጠቃሚ ምክሮች እንዳሉ ነገረችኝ።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩ ስለ ተምታታብኝ፣ ይቅርታ እየጠየቅሁ ያለ ቁጥር እቀጥላለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት አልጋዬ ላይ እንዳለሁ የፒካፓችን ሞተር ሲነሳ ሰማሁ። ምርኩዜን ይዤ መስኮቱ ጋ እስክደርስ ድረስ ከጭጋጉ በስተቀር የሚታይ ነገር አልነበረም፤ በመስኮቱና በአጥሩ መካከል ያለው የሎሚ ዛፍ እንኳ አልታየኝም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ማታ በስልክ ተመካክረው ኖሯል። ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ ሲገፈፍ ተመለሱ። ለእኔ ጉቦ የሚሆን ሃምበርገር በወረቀት ከረጢት ይዘው፣ ከትምህርት ቤት እንደ ጠፉ ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። እንዴት እንደ ሄዱ የነገረኝ ሃይግ ነው።

‹‹የኔ እግር ፔዳሉን አያውቀውም፣ የሱ ዓይን መንገዱን አያየውም›› አለኝ። ‹‹እግሩ የሱ፣ ዓይኑ የኔ። አንድ ደህና ሰው ወጣን፣ ሊዮኖር።››

መስኮቶቹን ከፍተው፣ የሚመጣ መኪና ካለ በጆሮ እየሰሙ፣ ሃይግ ግራ፣ ቀኝ፣ ቁም እያለ፣ ጊልበርት እንደታዘዘው እያደረገ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት ከተማ ደርሰዋል። እኔ አላናገርኳቸውም። ሃምበርገሩን ግን በላሁት። ቁልፉንም ወስጄ ትራሴ ሥር አደረግሁት።

የሚቀጥለው የእጥበት ቀን ሃይግ አጥሩ ጋ መጥቶ ቆመ። ፊቱ አብጧል፤ ሲተነፍስ ይሰማል። ምንም አልለመነኝም፤ ስለ ዳሌዬ ጠየቀኝ፣ የሎሚው ዛፍ መገረዝ እንዳለበት ነገረኝ። ወደ ቤት ገባሁና ቁልፉን ከትራሴ ሥር አውጥቼ የምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ ከዚያ መኝታ ቤቴን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ጊልበርት ቁልፉን በእጁ ዳብሶ ሲያነሳው ሰማሁ። ማንም አላስገደደኝምና፣ ክቡርነትዎ ይህንንም ከበጎ ፈቃድ መዋጮ ይቁጠሩልኝ።

ያን ቀን በሰላም ተመለሱ። በቀጣዩ ጉዟቸው ግን ጭጋጉ ለሃይግ ዓይንም የሚበገር አልነበረም። የመንገዱ መሐል መስመር ጠፋበትና በማይገባቸው በኩል ይሄዱ ጀመር። ከፊት የመጣ የወተት ቦቴ መብራታቸውን ያየው አፍንጫቸው ሥር ሲደርስ ነበር። ሾፌሩ መሪውን ጠምዝዞ አዳናቸው፤ ራሱ ግን ከመንገድ ወጥቶ የመስኖው ቦይ ዳር ተገለበጠ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሾፌሩ ከመቧጨር በቀር የደረሰበት የለም። ወተቱ ፈሰሰ። ጊልበርት ከመኪናው ወርዶ ቆመ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያልበው የኖረው ነገር ጫማው ውስጥ እየገባ፣ ሽታውን እያወቀው፣ ከየት በኩል እንደሚፈስ ግን ሳያይ፣ ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

የመጣው ቬላርዴ የሚባል ወጣት ፖሊስ ነው። እናቱን ለሠርጓ ጸጉሯን የሠራኋት እኔ ነኝ። ጊልበርት ፊት ቆሞ እጁን አነሳ።

‹‹ሚስተር ፉርታዶ፣ ስንት ጣት ነው ያነሳሁት?››

‹‹ጣት ማንሳትህንም አላወቅሁ፣ ልጄ›› አለው ጊልበርት።

ሃይግ በመኪናው መስኮት ብቅ ብሎ፣ ‹‹ሦስት ነው ያነሳው፣ ጊል›› አለ።

ፖሊሱ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ለጊልበርት የፍርድ ቤት መጥሪያ ጽፎ ሰጠው፤ ፒካፓችንንም አስጎተተ። ሁለቱን ግን በፖሊስ መኪና ከኋላ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ሃይግ ሰዓቱ ሳያልፍበት እጥበቱ ቦታ አደረሳቸው። የወጣቱን ስም የጠቀስኩት አለቆቹ እንዲቀጡት አይደለም። በዚያ ወር ውስጥ ከመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ሃይግን የትም ያደረሰው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ ከቤተ ክርስቲያናችን አንድ ሰው መኪና ይዞ እንዲመጣ ለመንኩት፤ መጣም። ጥሩምባውን ቢነፋ ሃይግ አልወጣም። ምርኩዜን እየጎተትኩ ሄድኩ። ጺሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። መኪና መጥቷል አልኩት።

‹‹የቦቴው ሾፌር ልጅ እግር ነው፣ ሊዮኖር›› አለኝ። ‹‹ከቦዩ ሲወጣ ፊቱን አየሁት።››

‹‹ደህና ነው እኮ።››

‹‹ደህና ነው። ስለዚህ በቃኝ።››

ሰውየው ውጭ እየጠበቀ መሆኑን ነገርኩት። ለዛሬ አለ፤ ከነገ ወዲያስ፣ ከዚያ ወዲያስ አለኝ። በየሁለት ቀኑ የሰው ደጅ መጥናት እንደ ሰለቸው፣ ማሽኑም ቢሆን እንደ ሰለቸው፣ በቁጣ ሳይሆን ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ነገረኝ። ከዚያ ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ ‹‹እኔ መሄድ እስከፈለግሁ ድረስ ጊል ይነዳል። ታውቂዋለሽ›› አለኝ። አውቀዋለሁ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ውጭ ያለው ሰው ጥቂት ጠብቆ ሄደ።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎን ከልብ ላስደስትዎ የምችል ይመስለኛል። ሃይግ እጥበቱን ማቆሙን ለሐኪሙ ባሳወቀ ማግስት አገልግሎት እንደ ጎርፍ መጣ። አንዷ መኪና ነርስ አመጣች፤ ሌላዋ ከፍና ዝቅ የሚል አልጋ፤ ሦስተኛዋ ኦክስጅን። ለመኖር ሲሄድ የሚወስደው መኪና ያጣ ሰው፣ ሊሞት ሲቀመጥ መኪኖቹ በሩ ላይ መቆሚያ አጡ። ለዚህ ሁሉ ከፋዩ መንግሥት ነው፤ ማንም በበጎ ፈቃድ እንዲያዋጣ አልተጠየቀም። ነርሷ ደግ ሴት ናት። ሚኒባሷ ስለ መቆሟ ስነግራት ጓንቷን ስታወልቅ ቆየችና፣ ይህን ታሪክ በየሰፈሩ እንደምትሰማው ነገረችኝ።

አራ ከሚኔሶታ መጣ። በመጀመሪያው ቀን ተቆጣ፣ በሁለተኛው አለቀሰ፣ ከዚያ በኋላ የአባቱን ወይን መግረዝ ጀመረ። ጊልበርት ከሃይግ አልጋ አጠገብ አልተለየም። አጥሩ ላይ በሠራነው በር በእጁ እየዳበሰ ይሄዳል፤ ሲመሽ እኔ ሄጄ አመጣዋለሁ። ሃይግ በመጨረሻ መናገር አቅቶት ስለነበር ብዙውን የሚያወራው ጊልበርት ነው።

የሞተ ቀን ሾርባ ይዤላቸው ገባሁ። ጊልበርት በልጅነታቸው ጎርፍ መጥቶ፣ የአባቱ ላሞች በዋና የሃይግ አባት ወይን ውስጥ ስለ ገቡበት ዓመት እያወራ ነበር። ሃይግን አየሁት። ሞቷል፤ ቆየት ያለም ይመስላል። ጊልበርት እጁን ብርድ ልብሱ ላይ አድርጎ፣ ለሰው እንደሚያወራ፣ ታሪኩ ውስጥ ሃይግ ሁልጊዜ የሚያርመውን ነገር ራሱ እያረመ፣ ይቀጥላል። ሾርባውን አስቀምጬ በሩ ጋ ቆምኩ። አላቋረጥኩትም። ላሞቹ ከወይኑ እስኪወጡ፣ ሁለቱ አባቶች ተጣልተው እስኪታረቁ ጠበቅሁ። ሲጨርስ ትከሻውን ያዝኩት።

‹‹መቼ?›› አለኝ።

‹‹አላውቅም።››

‹‹ላሞቹን ሰምቷል?››

‹‹ሰምቷል›› አልኩት።

ቀበርነው። ጭጋጉ ያን ቀን አልነበረም፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ወዲያ ማዶ ተራራው ላይ ያለው በረዶ ሁሉ ይታይ ነበር። ብዙ ሰው መጣ፤ አብዛኛው በሰው መኪና ተለምኖ የመጣ ነው። ዕንባ ይመጣልኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልመጣም፤ እስከ ዛሬም አልመጣም። ጠዋት እነሳለሁ፣ ቁርስ እሠራለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ። ጊልበርትን ፍርድ ቤቱ በገንዘብ ቀጥቶ፣ ሁለተኛ መሪ እንዳይዝ አስፈርሞታል። ፈረመ፤ የት እንደሚፈርም ጸሐፊዋ ጣቱን ይዛ አሳየችው። ወደ አዳራሹ ለምሳ መሄድ ትቷል። ሬዲዮውንም አይከፍተውም።

በዚህ ሳምንት ግብራችንን ሞላን። እንደ ልማዱ የመጨረሻውን ገጽ እንዳነብለት ጠየቀኝ። ለባሕር ኤሊዎች፣ ለተቃጠሉ ደኖች፣ ለስደተኛ ወፎች የሚለውን አነበብኩለት። ቀጥዪ እንደሚል ሰው ጆሮውን አዘንብሎ ጠበቀ። አልቋል አልኩት። ለኤሊዎቹ እንድጽፍላቸው ነገረኝ፤ ጻፍኩላቸው። በኤሊዎቹ ምንም ቅሬታ የለንም። ልካቸው ይሙላላቸው።

ከክቡርነትዎ የምለምነው ለሃይግ አይደለም፤ ሃይግ ከእንግዲህ የትም አይሄድም። በእኛ መንደር ግን እጥበት የሚሄዱ ሌሎችም አሉ፤ በዚህ ጋዜጣ ላይ ስማቸውን ብጽፍ ያፍራሉ። የሚቀጥለው ጥር ጭጋግ እንደማይቀር ለክቡርነትዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም። መስመሩን እንዲመልሱልን፣ ወይም ሰውን ሐኪም ቤት ማድረስ በሰው መልካም ፈቃድ ላይ መንጠልጠሉ ቀርቶ እንደ ኦክስጅኑና እንደ አልጋው ይሁን ብለው ለሚመለከተው እንዲያሳስቡልን በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። ለዚህ ደብዳቤ የምስጋና ካርድ እንዳይላክልኝ ደግሞ በተለይ አሳስባለሁ።

ክቡርነትዎን እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ሰጥቶ፣ ከወንበርዎ ሳያጎድልብን እንዲያቆይልን በመመኘት፣ ከቤታቸው መውጣት እስካልፈለጉ ድረስ ምንም የማይጎድልባቸው የላስ ጋርሳስ አረጋውያን ሁሉ ሰላምታ እንዲደርስዎ አደርጋለሁ።

የክቡርነትዎ ትሑትና ታዛዥ፣
ሊዮኖር ፉርታዶ

ተጨማሪ፦ በመጪው መስከረም ስልሳ አምስት ዓመት እንደሚሞላዎትና ጡረታ እንደሚወጡ በዚሁ ጋዜጣ አንብቤያለሁ፤ እንኳን ደስ አለዎት። መኖሪያ የሚፈልጉ ከሆነ አራ የአባቱን ቤት ለሽያጭ አቅርቦታል። ወጥ ቤቱ የጠዋት ፀሐይ ያገኛል፤ ወይኑም ተገርዟል። ጎረቤቶቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ብቻ አይነዱም።